የረባሾች ስም ዝርዝር፦ በአንድ የሐዋሳ አራተኛ ክፍል የሆነው

ለምን እጽፈዋለሁ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የአንድ አራተኛ ክፍል ኃላፊም ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ጉድ የሚያሰኝ ስለሆነ አይደለም። ተራ ስለሆነ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር እያለ አላየሁትም። ካየሁት በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አባሰው። ሌላ መምህር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ማስታወሻዬን ሰብስቤ አስቀምጬዋለሁ።

ማንንም በስም አልጠራም። የተበደለውን ልጅ «ትንሹ»፣ በዳዩን «አለቃው» እላለሁ። ልጆቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀይሬአለሁ።

ክፍሉ

የጠዋት ፈረቃ ነው። 62 ተማሪ አለ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ይቀመጣሉ፤ ከኋላ አራትም አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ መምህር አለው። ስለዚህ ደወል በተደወለ ቁጥር አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። በመውጣትና በመግባት መካከል አምስት ደቂቃ ትሄዳለች። ሻይ ያልጠጣ መምህር ካለ አሥር ትሆናለች።

ለዚያች አሥር ደቂቃ የነበረን መፍትሔ ስም ጸሐፊ ነው። ይህን ሳያውቅ ያደገ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ ከፊት ይቆማል። ያወራን ሰው ስም ይጽፋል። ደግሞ ያወራ እንደሆነ ስሙ ጎን ኤክስ ይጨመርበታል። መምህሩ ሲገባ ወረቀቱን ይቀበላል። እኔ ጋ ሦስት ኤክስ ያለው ሰሌዳው ሥር ይንበረከክ ነበር።

በማስመሪያ መዳፍ መምታት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ማንበርከክን ግን እንደ ቅጣት አልቆጥረውም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን አንቀጽ ተማሪ እያለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ጉልበትም አካል እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

አለቃው 12 ዓመቱ ነው። አንድ ክፍል ስለደገመ ከሌሎቹ በአንድ ራስ ይበልጣል። ጽሑፉ ያምራል፤ ለመምህራን ይታዘዛል። የሚያድገው አያቱ ጋ ነው። እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስለምትሠራ አንዳንድ ሳምንት የምትገባው እሱ ከተኛ በኋላ ነው። አለቃ ያደረግነው ለምን እንደሆነ ብጠየቅ መልሴ አጭር ነው፤ ክፍሉን ጸጥ ያሰኝልን ነበር።

ትንሹ በዚያው ዓመት ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ ነው። አባቱ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያሰግራል። እናቱ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ትገፍፋለች፣ ትሸጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቦርሳው ዓሣ ዓሣ ይሸታል ተባለና «አምባዛ» የሚል ስም ወጣለት። ከሐዋሳ ውጪ ላላችሁ፦ ለጥብስ ሁሉም የሚሻማው ቆሮሶን ነው። አምባዛ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ሲይዙት የሚያሟልጭ ዓሣ ነው። ለስድብ እንደተመረጠ ለማወቅ የዚህ ከተማ ልጅ መሆን በቂ ነው። ስሙን እኔም ሰምቼዋለሁ። ልጆች ሙድ እየተያያዙ ነው ብዬ አለፍኩት።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ደብተር እያረምኩ ነበር። የትንሹን ደብተር ስገልብጥ የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

ሰኞ 5 ብር
ማክሰኞ ግማሽ ዳቦ
ረቡዕ የለም፣ ነገ 10
ሐሙስ 6፣ ቀሪ 4

ዕቁብ የሚጫወቱ መሰለኝና ሳቅኩ። አጠገቤ ለነበረች መምህርት አሳይቻት እሷም ሳቀች። በማግስቱ ደብተሩን ስመልስ ለትንሹ «ማነው ሰብሳቢው?» ብዬ ቀለድኩበት። ፊቱ አመድ መሰለ። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ገጽ ከደብተሩ ተቀዷል።

የነገረችኝ ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ክፍሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ዳስተሩን እያራገፈች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ቲቸር፣ እሱ ዕቁብ አይደለም። ስም ማስፋቂያ ነው» አለችኝ።

ስም ማስፋቂያ። ቃል ወጥቶለታል ማለት ነው። ዋጋም ነበረው። አንድ ኤክስ ለማስነሳት 2 ብር፣ ስምን ጨርሶ ለማስፋቅ 5 ብር ወይም ግማሽ ዳቦ። ብዙ ልጆች አንዳንዴ ይከፍሉ ነበር። ትንሹ ግን በየቀኑ ይከፍላል። አፉን ዘግቶ ቢቀመጥም ስሙ አይቀርም። ልጅቷ «ተነፈሰ ብሎ ይጽፈዋል» ነው ያለችኝ።

ሳይከፍል የቀረ ቀን ጠዋት መቀመጫው ላይ ውሃ ይፈስበታል። ዓሣ ያለ ውሃ አይኖርም ይላሉ፣ ይስቃሉ። ይህን ስሰማ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሱሪው ከኋላ ርሶ አይቼ ነበር። ለብቻው ጠርቼ፣ እንዳላሳፍረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በዕረፍት ሰዓት ሽንት ቤት እንዲሄድ መክሬዋለሁ። ሁለቴም «እሺ ቲቸር» ብሎኝ ሄዷል።

ጠብ ወይስ ጉልበተኝነት

ልጆች ይጣላሉ። ጠብ ሁሉ ጉልበተኝነት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ቀደም ብሎ በኖርዌይ ያጠናው ዳን ኦልዌየስ የለየበት መንገድ ለእኔ ጠቅሞኛል። ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚደጋገም፣ በሁለቱ መካከል የኃይል ልዩነት ያለበት ከሆነ ጉልበተኝነት ነው። ሁለት እኩዮች በኳስ ቢደባደቡ ሦስተኛው ነገር የለም።

የእኛ ጉዳይ ሦስቱንም ያሟላል። ሦስተኛው ላይ ግን ቆም ማለት ነበረብኝ። አለቃው ትልቅ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በየቀኑ 5 ብር ያስገኘለት ክንዱ አይደለም። ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያስፈራራበት ቅጣትም የእኔ ቅጣት ነው። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ የሄድኩት በሌላ መንገድ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት

በማግስቱ ተናድጄ ገባሁ። ሁለቱንም ከፊት አቆምኳቸው። ትንሹን «ገንዘብ ወስዶብሃል?» አልኩት። «አልወሰደብኝም ቲቸር» አለ። 60 ልጅ ፊት ምን ብሎ ይመልስ? አለቃውን ከአለቅነቱ አወረድኩት። ይቅርታ አስባልኩ። «በሉ ተሳሳሙ» አልኩ። ተሳሳሙ። ክፍሉ አጨበጨበ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ወላጅም አስጠራሁ። የአለቃው አያት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «ልጄ፣ እኔ ዳቦ አሳጥቼው አላውቅም» እያሉ አለቀሱ። ማታ አጎቱ ቀበቶ ፈታ። በማግስቱ አለቃው ባቱ ላይ ሰንበር ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ትንሹን የነካው ሰው የለም። ሲለቀቁ ግን አምስት ስድስት ሆነው ከኋላው ይሄዳሉ። አይመቱትም፣ አይሰድቡትም። አፋቸውን እንደ ዓሣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ እስከ አስፋልቱ ይሸኙታል። «ሳባቂ» የሚል ሁለተኛ ስም ተጨመረለት። እሱ ምንም አልሳበቀም፤ የነገረችኝ ልጅቷ ናት። ይህን ብናገር እሷን አጋልጣለሁ። ዝም ብል እሱ ላይ ይቀራል። ዝም አልኩ። ዛሬም ትክክል ይሁን ስህተት እርግጠኛ አይደለሁም። ትንሹ በሚቀጥለው ሳምንት አራት ቀን ቀረ።

በአለቃው ቦታ አንዲት ጭምት ልጅ ሾምኩ። ሁለት ሳምንት አልሞላም። አሁን የሚከፈለው ብር አልነበረም፤ የቤት ሥራ ማስኮረጅ ነበር። ዋጋው ተቀየረ እንጂ ገበያው አልተዘጋም። ይህች ልጅ ጉልበተኛ አይደለችም። ቤቷም ሌላ፣ ጠባይዋም ሌላ ነው። ያው ወረቀት ግን ያው ሥራ ሠራ።

ይህን ለዩኒት ሊደራችን ነገርኩት። ሳቀና «አንቺ ደግሞ! እኛም ከፍለን አይደል ያደግነው?» አለኝ።

ሁለተኛው መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት የትንሹን እናት ፍለጋ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ትምህርት ቤት ብጠራት እሷም አያቲቱ እንዳለቀሱት ታለቅሳለች ብዬ ነው። ቢላዋ ይዛ ቆሮሶ እየገፈፈች አገኘኋት። ቅርፊቱ እስከ ክርኗ ተለጥፏል። አባ ኮዳዎቹ አጠገቧ ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ። ስነግራት ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያጠፋው መስሎኝ» አለች። «ሁለት ቀን ገርፌዋለሁ፣ መምህርት። አምስት አምስት ብር የት ታደርጋለህ እያልኩ።»

ሦስት ቦታ ነው የተቀጣው። ክፍል ውስጥ አለቃው፣ ሰሌዳው ሥር እኔ፣ ቤት እናቱ። ከእሷ ጋር የተስማማነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ገንዘቡ ይቅርታ ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀውም። ቦርሳውን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከዓሣው እንደምታርቅም ነገረችኝ። አያስፈልግም ልላት ፈልጌ ተውኩት። ለእሷ ያስፈልጋት ነበር።

ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። አናቶል ፒካስ የተባለ ስዊድን የሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያወጣው ዘዴ አለ። በዳዮቹን በቡድን አትጠራም። ለየብቻ ታነጋግራለህ። አትከስም፤ ማን ምን አደረገ ብለህም አትመረምርም። አንድ ልጅ እየተጎዳ እንደሆነ ትነግረዋለህ፣ አንተ ምን ልታደርግ ትችላለህ ብለህ ትጠይቃለህ። የእኛ ሀገር መምህር ጆሮ ይህን ሲሰማ መለማመጥ ይመስለዋል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። የሞከርኩት ሌላ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ነው።

ቢሮ አላስገባኋቸውም፤ ቢሮ ማለት ለእነሱ ዱላ ማለት ነው። ከቧንቧው ወዲህ ካለው ዛፍ ሥር፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል። አራት ልጆች ነበሩ። ሦስቱ ጫማቸውን እያዩ «እንግዲህ አናፈስበትም» አሉ። ስለ ውሃው እኔ አላነሳሁም ነበር።

አለቃው ግን ረጅም ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ እኔም ሁለተኛ ክፍል እያለሁ እከፍል ነበር» አለኝ። «ስንት?» አልኩት፤ ሌላ የምለው አጥቼ። «ያኔ 1 ብር ነበር» አለ። ኑሮ ውድነቱ እዚህም ገብቷል ብዬ መሳቅ አማረኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ምን ልታደርግ ትችላለህ ስለው የሰጠኝ መልስ «ሲለቀቁ እንዳይከተሉት እላቸዋለሁ» የሚል ነው። «እንዳንከተለው» አላለም። ተቀበልኩት። በዚያው ሳምንት መከተሉ ቆመ።

ወረቀቱን መተው

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። የረባሾች ስም ዝርዝር ቀርቷል ብዬ በጥር መጀመሪያ ላይ አወጅኩ። ስም ጸሐፊ የለም፣ መንበርከክም የለም። ጠመኔ የሚያመጣ፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ደብተር የሚሰበስብ በየሳምንቱ በዴስክ ተራ ይሆናል። ማንም ተማሪ የሌላውን ቅጣት በእጁ አይዝም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክፍሉ ገበያ ሆነ። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩት መምህር በሩን ደጋግመው አንኳኩ። ርዕሰ መምህሩ መጥተው «ደህና ነሽ?» አሉኝ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

የረዳኝ የዝርዝሩን ሥራ ጠጋ ብዬ ማየቴ ነው። ወረቀቱ የተፈለገው እኛ ስለምንዘገይ ነው። ስለዚህ እኔ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መካከል የምጠጣትን ሻይ ተውኩ። ደወል ሳይደወል በር ላይ መቆም ጀመርኩ። ከአምስቱ የክፍሉ መምህራን ሦስቱን ለምኜ አስማማሁ። የሚወጣው መምህር ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ሥራ ይጽፋል፤ የሚገባው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ከባድ አይደለም። አራት ቃል በአረፍተ ነገር ማስገባት፣ ሦስት የመቀነስ ጥያቄ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ሳይነገራቸው ደብተር ማውጣት ጀመሩ። ድምፅ ነበረ፤ ግን የሚሠራ ሰው ድምፅ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ያ መቀነስ አይችልም ብዬ ከ10 3 የሰጠሁት ትንሹ፣ ዕዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስቶ አልቀነሰም። ፈተናውን ደግሞ ሰጠሁት። 8 አገኘ።

ትናንሽ ነገሮች

አንድ ቀን ብጣሽ ወረቀት አደልኩ። ስም አይጻፍም። ጥያቄው አንድ ነው፤ በግቢው ውስጥ የማትወደው ቦታ የት ነው? «ማን ያስቸግርሃል» ብል ማንም አይጽፍልኝም ነበር። ስለ ቦታ ግን ጻፉ። ከግማሽ የሚበልጡት ወይ ቧንቧው ጋ፣ ወይ ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ወይ «ክፍል፣ ቲቸር ሳይኖር» አሉ። ወረቀቱን ለጥበቃው አሳየኋቸው። ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ቧንቧውም በሩም ወደሚታይበት ቦታ አዛወሩት። ወንበር ለማዛወር በጀት ማስፈቀድ የለብንም።

ፊንላንዳዊቷ ክርስቲና ሳልሚቫሊ ጉልበተኝነት የሁለት ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ አሳይታለች። የሚያግዝ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ ዞር ብሎ የሚያልፍ አለ፣ የሚከላከል አለ። በእኛ ክፍል ውሃውን የሚያፈሱት ጥቂት ነበሩ፤ የሚስቀው ግን ግማሽ ክፍል። የነገረችኝን ልጅ በአደባባይ አላመሰገንኩም። ዴስክ ስቀያይር ግን ትንሹን ከእሷና ከአንድ ሳቅ ከማያውቅ ልጅ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከፊቴ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። የመምህር ልጅ ይሉታል ብዬ ተውኩት።

ያልሠራም አለ። አንድ ባልደረባዬ በቅን ልብ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ትንሹን ስለ ዓሣ ማስገር እንዲያስረዳ አስነሣው። ሙያውን እንዲያከብሩለት ብሎ ነው። ልጁ ሰሌዳው ጋ ደርቆ ቆመ። ከኋላ አንዱ «አምባዛ ስለ አምባዛ» አለ፤ ክፍሉ ፈነዳ። ሳይጠይቀው ነበር ያስነሣው።

በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም አንሥቼው ነበር። ግማሹ ጊዜ ድሮ ልጅ እንዴት ይከበር እንደነበር ሲወራ አለቀ። ሌላው ግማሽ ለአጥር መዋጮ ሄደ።

የአለቃው አያት ግን ራሳቸው ተመልሰው መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና 60 ብር ቆጥረው ሰጡኝ። አንዳንዱ ሳንቲም ነው። ለትንሹ እናት አደረስኩ። የእኔ ጥፋት የነበረውን ለአያቲቱ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ስጠራቸው ቤት ማን እንደሚቆጣው፣ በምን እንደሚቆጣው አልጠየቅኩም። አሁን ወላጅ ከመጥራቴ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። ካልጠየቅኩ የቀበቶውን አንድ ጫፍ እኔ ይዣለሁ።

ሌላ መምህር ቢጠይቀኝ

ጉልበተኛ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት በክፍላችሁ ውስጥ ማን ምን ሥልጣን እንደያዘ እዩ። ስም መጻፍ፣ ዳቦ ማከፋፈል፣ ደብተር መሰብሰብ፣ በር መክፈት። የሚሸጥ ነገር ካለ ይሸጣል። አለቃ መቀየር የሻጩን ስም መቀየር ነው።

የተበደለን ልጅ በሰው ፊት አትጠይቁ። ይቅርታም በሰው ፊት አታስብሉ። ማሳሳም ለሽማግሌ ያምራል፤ እኩል ላልሆኑ ልጆች ግን ደካማውን ደግሞ ማስረገጥ ነው።

የረጠበ ሱሪ፣ የተቀደደ ገጽ፣ ያልተበላ ዳቦ አይታችሁ ምክንያቱን ራሳችሁ አትሙሉት። እኔ ሁለቴ ሞልቼዋለሁ፤ ዕቁብ አልኩ፣ ሽንት አልኩ። 62 ልጅ ይዞ እያንዳንዱን መጠየቅ አይቻልም የሚለውን አውቀዋለሁ። ዛፍ ሥር የጨረስኩት ግን በአንድ ሳምንት ዕረፍት ነው።

ዝርዝሩን የምትተዉ ከሆነ በቦታው ምን እንደምታስገቡ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ መጀመሪያ አወጅኩ፣ ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ሁለቱ ሳምንት ጩኸት የመጣው በዚህ ነው።

አሁን

ትንሹ አምስተኛ ክፍል ነው። «አምባዛ» የሚለው ስም አልጠፋም፤ ጓደኞቹ ይጠሩታል፣ አንዳንዴ እሱም ይመልሳል። ወዶ ይሁን ለምዶ አላውቅም። አለቃው ስድስተኛ ክፍል ባሉ ልጆች ሲገፋ አንድ ቀን አይቼው ጣልቃ ገብቻለሁ። ከአምስቱ መምህራን ሁለቱ ዛሬም ስም ያስጽፋሉ።

አርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህራን ስብሰባ እንጠራለን፤ ክፍሉ 40 ደቂቃ ሙሉ ያለ ሰው ይቀራል። ለእሱ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ መጻፍ አልበቃም፣ ጥበቃውም ወንበራቸውን ክፍል ውስጥ አያስገቡም። ስብሰባው ወደ ሌላ ሰዓት እንዲዛወር ሁለት ጊዜ ጽፌ አስገብቻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።